«ማን ነበር የነዳው?» ተብሎ ለሚጠየቅ ባለ መኪና

ስሙኝ ልጆቼ። እንግሊዝ አገር ኑሮ መሥርታችሁ፣ መኪና ገዝታችሁ በስማችሁ ያስመዘገባችሁ ሁሉ፣ ዛሬ የምቆጣው እናንተን ነው። ሠርጋችሁን መርቄያለሁ፤ ልጆቻችሁ ክርስትና ሲነሡ አብሬያችሁ ቆሜያለሁ፤ ስትጣሉ አስታርቄያለሁ። ስለዚህ ክፉ ስታደርጉ አይቼ ዝም ብል ሽምግልናዬ ይቀርብኛል። በመካከላችን ክፉ ልማድ ገብቷል። ሁሉም ያውቀዋል፣ በአደባባይ ግን ማንም አያነሣውም። ፖሊስ «መኪናህን ማን ነበር የነዳው?» ብሎ በጽሑፍ ሲጠይቅ፣ የነዳውን ደብቆ ያልነዳውን ሰው ስም መጻፍ ነው።

አሠራሩን እናንተም ታውቁታላችሁ፣ እኔም አውቀዋለሁ። አባወራው ከሥራ ሲመለስ ፈጥኖ ሲነዳ ካሜራ ያነሣዋል። ደብዳቤው ሲደርሰው የቅጣት ነጥቡን ይቆጥራል። መንጃ ፈቃዱ ላይ 9 አለበት፤ 3 ቢጨመርበት 12 ሊሞላ ነው፤ በ3 ዓመት ውስጥ 12 የሞላበት ሰው ደግሞ ቢያንስ ለ6 ወር ከመንዳት ይታገዳል። ያን ጊዜ ስልክ መደወል ይጀመራል። «የማን መንጃ ፈቃድ ንጹሕ ነው?» ይባላል። ሚስት ትጠየቃለች። እሷ ካልሆነላት ታናሽ ወንድም ይጠየቃል። እሱም ካልሆነለት መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ዓመት ያልሞላው ልጅ ይጠራና «አንተ መኪና የለህም፤ ነጥቡ ምን ያደርግሃል?» ይባላል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። ስለዚህ ጉዳይ ገንዘብ የሚቀባበሉም እንዳሉ ሰምቻለሁ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ለሠርግ መጥቶ ወደ አዲስ አበባ የተመለሰውን እንግዳ ስም መጻፍ ነው። «እሱን የት ያገኙታል?» ተባብለው ወረቀቱን ፖስታ ቤት ይከቱታል።

ይህን መረዳዳት ነው ትሉኛላችሁ። መረዳዳትንስ በደንብ አውቃለሁ፤ ሐዘንተኛ ሲያለቅስ አብሮ ማልቀስ፣ ሥራ የፈታን ማጉረስ፣ የታመመን ሆስፒታል ድረስ ሄዶ መጠየቅ ነው። እናንተ የምታደርጉት ግን በሐሰት መመስከር ነው። ዐሥሩን ትእዛዛት በቃላችሁ ታውቃላችሁ፣ ሙስሊሙም ወንድማችሁ የሐሰት ምስክርነት ከታላላቆቹ ኃጢአቶች እንደሚቆጠር ያውቃል። ታዲያ ምስክርነቱ በፖስታ ስለተላከ ሐሰትነቱ የሚቀር መሰላችሁን?

ወረቀቱን በእጃችሁ ይዛችሁ በደንብ እዩት። ከላይ የታርጋችሁ ቁጥር አለ፤ የመንገዱ ስም፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ እስከ ደቂቃው፣ መኪናዋ የሄደችበት ፍጥነት ተጽፏል። ወረድ ሲል ጥያቄው ይመጣል፤ የነዳኸው አንተ ነህ ወይስ ሌላ ሰው? ሌላ ሰው ከሆነ ሙሉ ስሙን፣ አድራሻውን፣ የልደት ቀኑን፣ የመንጃ ፈቃድ ቁጥሩን ጻፍ ይላል። ከታች የፊርማ ቦታ አለ። ካልፈረማችሁበት እንዳልመለሳችሁት ይቆጠራል። ፊርማ የሚጠየቀው ቃላችሁን እንድታስሩበት ነው። አባቶቻችን «ንጉሥ ይሙት» ብለው ሲምሉ ቃላቸው ያስራቸው ነበር። እናንተ ስማችሁን በእጃችሁ ጽፋችሁበት እንደ ቆሻሻ ወረቀት ትጥሉታላችሁ።

ሕጉን የማያውቅ እንዳይኖር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የብሪታንያ የመንገድ ትራፊክ ሕግ በአንቀጽ 172 እንዲህ ይላል፤ መኪናው በስሙ የተመዘገበ ሰው በፖሊስ ሲጠየቅ፣ በዚያ ሰዓት ማን ይነዳ እንደነበር የመናገር ግዴታ አለበት። ግዴታው በባለ መኪናው ብቻ አያበቃም። ነጂውን ለማሳወቅ የሚረዳ ነገር የሚያውቅ ሌላም ሰው ከተጠየቀ መናገር አለበት። በፍጥነት ጥፋት ጊዜ ፖሊስ ማስጠንቀቂያውን መኪናው በስሙ ለተመዘገበው ሰው ጥፋቱ ከተፈጸመ በ14 ቀን ውስጥ ማድረስ አለበት፤ ባለ መኪናው ደግሞ በ28 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ሌላ ሰው ከተጠቀሰ ለዚያም ሰው በስሙ የራሱ ወረቀት ይላክለታል፤ እሱም ይጠየቃል።

ዝም ያለ ሰውስ ምን ይደርስበታል? በመንጃ ፈቃዱ 6 ነጥብ ይመዘገብበታል፤ እስከ 1,000 ፓውንድ ሊቀጣም ይችላል። አነስተኛ የፍጥነት ጥፋት ግን ብዙ ጊዜ በ100 ፓውንድና በ3 ነጥብ ያልቃል፤ በቅርብ ጊዜ ትምህርት ላልወሰደ ሰውም ስለ ፍጥነት የሚሰጠውን ትምህርት ተከታትሎ ያለ ነጥብ የሚያልፍበት መንገድ አለ። ከ3 ነጥብ ሸሽቶ 6 የሚሸከም ሰው ምን ይባላል? ይህ ሁሉ ዝም ላለ ሰው ነው። ሐሰት ጽፎ ለፈረመ ሰው ሕጉ ሌላ በር ይከፍታል፤ ያ በር የፍትሕን አካሄድ ማጣመም ይባላል። በእንግሊዝ ሕግ የዚህ ወንጀል ጣሪያ ዕድሜ ልክ እስራት ነው። በነጥብ ጉዳይ የሚፈረደው ብዙውን ጊዜ በወራት የሚቆጠር ነው፤ ሆኖም የታሰረ ሰው መዝገብ ከስሙ ጋር ለብዙ ዓመት ይኖራል። ታክሲ ነድቶ ልጆቹን የሚያሳድገው ደግሞ ልብ ይበል፤ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት የመንዳት ችሎታውን ብቻ ሳይሆን ታማኝነቱንም ይመዝናል።

ይህ ግዴታ በካሜራ ዘመን እኛን ለማጥመድ የተፈጠረ ነው የሚል ወሬም ሰምቻለሁ። ውሸት ነው። በብሪታንያ ታርጋ የታዘዘው እ.ኤ.አ. በ1903 በወጣው የሞተር መኪና ሕግ ነው፤ ይህ ሕግ የፍጥነቱን ጣሪያ በሰዓት 20 ማይል አደረገ፤ በዚያው ሕግ ላይም ባለ መኪናው ሲጠየቅ ጥፋት የሠራውን ነጂ ለመለየት የሚረዳውን እንዲናገር ታዘዘ። ታርጋና ግዴታው አብረው የተወለዱ መንትያዎች ናቸው። ምክንያቱም ቀላል ነው። ታርጋ የሚናገረው ስለ መኪናው እንጂ መሪውን ስለጨበጠው እጅ አይደለም። ብዙዎቹ የካሜራ ፎቶዎች የመኪናውን ጀርባ የሚያሳዩ በመሆናቸው ፊት አይታይባቸውም። ባለቤቱ አፉን ከዘጋ የተገጨው ሰው ገጪ የለውም፤ የሞተው ሰው ገዳይ የለውም።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። እናንተ ወረቀቱን ስታዩ የሚታያችሁ ነጥብና ገንዘብ ነው። እኔ የሚታየኝ እግረኛው ነው። በዚህ አገር የመንገድ መመሪያ መጽሐፍ እንደተጻፈው፣ በሰዓት 30 ማይል የሚሄድ መኪና ነጂው አደጋውን ካየበት ጀምሮ ለመቆም 23 ሜትር ይፈጃል፤ በ40 ማይል የሚሄደው ግን 36 ሜትር ይፈጃል። በሁለቱ መካከል 13 ሜትር አለ። ከትምህርት ቤት የወጣ ልጅ ኳሱን ተከትሎ መንገድ ውስጥ ሲገባ፣ በ23 ሜትር የሚቆመው መኪና በሰላም ያሳልፈዋል፤ በ36 ሜትር የሚቆመው ይደርስበታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ሲሉ አባቶቻችን ስለ መኪና አያውቁም ነበር፤ ስለ ችኮላ ግን ያውቁ ነበር። ፈጥኖ የነዳው ሰው ነጥቡ ሳይነካው ቀርቶ ነጥቡ ባልነዳው ሰው ላይ ከተጻፈ፣ የሚፈጥነው እጅ ምንም ሳይማር ነገም መሪውን ይጨብጣል። 12 ነጥብ ሞልቶበት መቆም የነበረበትን ሰው እናንተ ናችሁ መንገድ ላይ የምታቆዩት። ሊታገድ በተገባው ስድስት ወር ውስጥ ሰው ገጭቶ ቢገድል ያ ደም የማን ነው? እሱ ብቻ ነው ወይ የሚጠየቀው? ነጥቡን የተሸከመለትስ?

አሁን የምታቀርቡልኝን ምክንያት አንድ በአንድ እንመልከት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና።

አንዳንዶቻችሁ የተማራችሁ ናችሁ፤ «ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ ትልቅ መብት ነው። የእኛም የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ዝም የማለት መብት እንዳለው ይናገራል። በዚሁ መብት ስም ሁለት የብሪታንያ ዜጎች ጉዳያቸውን እስከ ስትራስቡርግ፣ እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ድረስ ወስደውታል። አንደኛው ነጂው እኔ ነኝ ብሎ ጽፎ የተቀጣ ነበር፤ ሁለተኛው አልናገርም ብሎ የተቀጣ ነበር። ትልቁ ችሎት እ.ኤ.አ. ሰኔ 29 ቀን 2007፣ 15 ዳኞች ለ2 በሆነ ድምፅ፣ መብታቸው አልተጣሰም ብሎ ፈረደ። ምክንያቱን በእኛ አነጋገር ላስረዳችሁ። መኪና ሰው ሊገድል የሚችል ነገር ነው። መኪና ሊይዝና ሊነዳ የመረጠ ሰው፣ ከመኪናው ጋር የሚመጣውን ኃላፊነት አውቆ ተቀብሏል። ጥያቄውም ጠባብ ነው፤ «ማን ነዳ?» ከሚለው በቀር ስለ ሐሳብህ፣ ስለ ፖለቲካህ፣ ስለ ቤትህ አይጠይቅህም። ከዚያ በኋላም ጥፋቱን ማስረዳት የከሳሽ ሥራ ነው። ፍጥነቱን ልትከራከር፣ ካሜራውን ልትከራከር፣ ዳኛ ፊት ልትቀርብ ትችላለህ። መብትህ ከእጅህ አልወጣም። ነገር ግን መብት ማለት የጎረቤትህን ልጅ ስም በሐሰት ጽፎ መላክ ማለት አይደለም። ዝምታን በመብት ስም የሚከራከር ሰው ቢያንስ ፊት ለፊት ቆሞ ይከራከራል፤ እናንተ ግን ዝምም አላላችሁም፣ ዋሻችሁ እንጂ።

ሌሎቻችሁ ደግሞ «እኛ ሰው አሳልፈን አንሰጥም» ትላላችሁ። ይህን የሚለው ሰው ከየት እንደመጣ አውቃለሁና ቃሉን አልንቀውም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በአገራችን «አጋልጥ» ይባል ነበር። የሰው ስም ቀበሌ ገብቶ ሬሳው ጎዳና ላይ ይገኝ ነበር። ከዚያ ዘመን የወጣን ሰዎች ለመንግሥት ስም መስጠት ያንገፈግፈናል፤ ሊያንገፈግፈንም ይገባል። ያን ጊዜ ወንድሙን ደብቆ የዋለ ሰው ክብር ይገባዋል። ነገር ግን የዚያን ሰው ክብር ለነጥብ ማምለጫ አታድርጉት። እዚያ የሚጠየቀው ሰውየው ስላሰበው ነገር ነበር፤ እዚህ የሚጠየቀው መንገድ ላይ ስላደረገው ነገር ነው። እዚያ ስሙ የተሰጠ ሰው ዳኛ ሳያይ ይቀር ነበር፤ እዚህ ስሙ የተጻፈ ሰው ወረቀት ይላክለታል፣ ቀን ይሰጠዋል፣ ጠበቃ ያቆማል። እዚያ የተደበቀው ሰው ንጹሕ ነበር። እዚህ ግን የምትደብቁት አጥፊውን ነው፤ አሳልፋችሁ የምትሰጡት ደግሞ ያልነዳውን ንጹሕ ሰው ነው! አሳልፎ መስጠትን እንዲህ የምትጠሉ ከሆነ ስለምን ያልነዳውን ልጅ አሳልፋችሁ ሰጣችሁት?

ደግሞስ በደለኛን ማውጣት ለአገራችን ባዕድ ነው ያለው ማን ነው? አፈርሳታን የሰማ የለም? አንዳንዱ አገር አውጫጭኝ ይለዋል። ከብት ተሰርቆ፣ ቤት ተቃጥሎ ወይም ሰው ተገድሎ አጥፊው ሳይታወቅ ሲቀር የአገሩ ሰው አንድ ቦታ ይሰበሰብ ነበር። ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይበተንም። አጥፊው ካልተገኘ ደግሞ አገሩ አዋጥቶ ጉዳቱን ይክስ ነበር። ከባድ ነበር፤ ንጹሑም ከአጥፊው ጋር ሥራውን ፈትቶ ይውል ነበር። ሐሳቡን ግን አስተውሉት፤ በመካከላችሁ የተፈጸመን በደል ደብቃችሁ ልትኖሩ አትችሉም፣ ወይ አውጡ ወይ ሁላችሁም ክፈሉ ማለት ነው። አያቶቻችሁ የተስማሙበት ይህን ነው። የእንግሊዝ ሕግ የሚጠይቃችሁ ከዚህ እጅግ ያነሰውን ነው፤ አገሩን ሁሉ ሳይሰበስብ ባለ መኪናውን ብቻ ይጠይቃል።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችንንም አስታውሱ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ይህ ሕግ በቁጥር 2081፣ መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርገዋል፤ እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳውም እንኳ። ነፃ የሚወጣው መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። ይህ የካሣ ጉዳይ እንጂ የቅጣት ጉዳይ አይደለም፤ መሠረቱ ግን አንድ ነው። ተዋጊ በሬ ያለው ሰው በሬው ሰው ሲወጋ «እኔ እርሻ ላይ አልነበርኩም» ብሎ አያመልጥም። በሬውን ማን እንደፈታው፣ ማን እንደነዳው የሚያውቀው እሱ ነውና የሚጠየቀውም እሱ ነው። ቁልፍህን ለሰው ስትሰጥ ስምህን አብረህ ሰጥተሃል፤ ስለዚህ ማን እንደወሰደው ማወቅና መናገር ግድህ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት «አላውቅም» ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እውነተኛ አለማወቅ እንዳለ ሕጉም ይቀበላል። ባልና ሚስት በረጅም መንገድ ተቀያይረው ሲነዱ ይውሉና በዚያች ደቂቃ ማን እንደነበር ሊጠፋቸው ይችላል። ነገር ግን ሕጉ የሚለው «አላውቅም ማለት ይበቃል» አይደለም፤ የሚገባውን ጥረት አድርጌ ላውቅ አልቻልኩም ብለህ አስረዳ ነው የሚለው። ጥረት ማለት ፎቶው እንዲታይህ መጠየቅ፣ የነዳጅ ደረሰኝ ማገላበጥ፣ የሥራ ሰዓትህን ማየት፣ ቁልፍ የሚይዙትን ሁሉ አንድ በአንድ መጠየቅ ነው። ይህን አድርጎ ያልተሳካለት ሰው ያደረገውን ሁሉ በደብዳቤ ይጻፍ፤ ሊነዱ ይችሉ የነበሩትን ሰዎች ስም ይዘርዝር። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም፤ ዳኛ ደግሞ አውቆ የተኛን ከእውነተኛ እንቅልፋም መለየት ሥራው ነው።

ትልልቅ ሰዎች በዚህ ጉዳይ እንዴት እንደወደቁ ስሙ፤ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

ክሪስ ሂውን የብሪታንያ የኢነርጂ ሚኒስትር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ኤም 11 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ሲፈጥን ካሜራ አነሣው። ነጥቡን ሚስቱ ቪኪ ፕራይስ ወሰደችለት። እሷም ስመ ጥር የኢኮኖሚ ባለሙያ ነበረች። ለስምንት ዓመት ያህል ማንም አላወቀም። ትዳራቸው ሲፈርስ ነገሩ ወጣ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ሂውን በ2012 ከሚኒስትርነቱ ወረደ፤ መጋቢት 2013 ሁለቱም 8፣ 8 ወር እስራት ተፈረደባቸው። እሷ «ባሌ አስገድዶኝ ነው» ብላ ተከራክራ ነበር፤ አልተቀበሏትም። ሚስቶች ሆይ፣ ይህን ስሙ፤ ያ «ባሌ አስገደደኝ» የሚለው የቆየ የሚስቶች መከላከያ በ2014 ከእንግሊዝ ሕግ ተሰርዟል።

ፊዮና ኦናሳንያ የፒተርቦሮ የፓርላማ አባልና የሕግ ባለሙያ ነበረች። በ2017 ክረምት 30 ማይል በሚፈቅድ መንገድ ላይ መኪናዋ በ41 ተያዘች። ወረቀቱ ላይ ነጂ ተብሎ የተጻፈው አንድ ሩሲያዊ ነበር። ፖሊስ ሲያጣራ ሰውየው በዚያ ቀን ሩሲያ፣ ወላጆቹ ዘንድ ነበር። «እሱን የት ያገኙታል?» የምትሉ ስሙ! ጥር 2019 የ3 ወር እስራት ተፈረደባት፤ ወንድሟም በተመሳሳይ ጥፋት 10 ወር ተፈረደበት። በዚያው ዓመት መራጮቿ ፈርመው ከፓርላማ አስወገዷት፤ የጥብቅና ፈቃዷንም አጣች።

ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደነግጠኝ ነው፤ ሽማግሌ ነበርና። ማርከስ አይንፌልድ በአውስትራሊያ የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ የነበረ፣ ስለ ሰብአዊ መብት በመቆርቆር አገር ያከበረው ሰው ነው። ጥር 2006 በሲድኒ ከተማ 50 ኪሎ ሜትር በሚፈቅድ መንገድ ላይ መኪናው በ60 ስትሄድ ተነሣች። ቅጣቱ 77 የአውስትራሊያ ዶላር ነበር። እሱ ግን ፍርድ ቤት ቀርቦ ምሎ፣ መኪናዬን ከአሜሪካ ለመጣች ወዳጄ አውሼ ነበር አለ። ጋዜጠኞች ሲያጣሩ ሴትዮዋ ከሞተች ሦስት ዓመት አልፏታል። ውሸቱን ለመደገፍ ሌላ ውሸት ጨመረ፤ ለዚያም ሌላ። መጋቢት 2009፣ በ70 ዓመት ዕድሜው፣ 3 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ዕድሜ ልኩን የገነባውን ስም በ77 ዶላር ሸጠው። እንግዲህ ዳኛው፣ ሚኒስትሩና የሕግ ባለሙያዋ ካላመለጡ እናንተ በምን ብልጠት ነው የምታመልጡት?

ይሁን እንጂ ፍርዴን በፍርሃት ላይ ብቻ አላቆመውም። ባትያዙስ? ያልተያዘ ሐሰት ሐሰት አይደለም ወይ? አሁን ወደ ቤታችሁ ልግባ።

አንተ አባት፣ አንቺ እናት! ብዙዎቻችሁ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ሲመጣ የሚያነብላችሁ ልጃችሁ ነው። የ12 ዓመቱ ልጅ ከትምህርት ቤት መጥቶ ቦርሳውን ሳያወርድ ፖስታውን ይከፍታል፣ ያነባል፣ ይተረጉማል። ከዚያ እስክሪብቶ ይዞ ይቀመጣል። «ነጂው ማን ነበር ይላል፤ ምን ልጻፍ?» ብሎ ይጠይቃችኋል። ያን ቀን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የነበረው እኮ እሱ ነው! ማን እንደነዳ አይቷል። እናንተም የአጎቱን ስም ትነግሩታላችሁ፤ በዚያ በሚያምር የትምህርት ቤት ጽሕፈቱ ይጽፈዋል። ነገ ትምህርት ቤት አጥፍቶ በጓደኛው ላይ ሲያሳብብ ምን ብላችሁ ልትቆጡት ነው? በምን አፋችሁ? ዘጠኝ ነጥብ ካላችሁ ሦስት ቢጨመር የምታጡት መንጃ ፈቃድ ነው። እዚህ ጠረጴዛ ላይ የምታጡት ግን ልጃችሁን ነው።

አንተ ባል፣ ሚስትህ በፊርማዋ እንድትዋሽልህ አትጠይቃት። «ለልጆቹ ስትይ» እያልክ ልቧን አታድክም። ወደደችም ጠላችም የጠየቅካት ወንጀል እንድትሠራ ነው። አንቺም እህቴ፣ ባል ማክበር ለባል መዋሸት አይደለም። ነጂው አንተ ነህ በይው፤ ወረቀቱን ፊቱ አኑሪለት።

አንተ ገና የመጣህ ልጅ፣ ታላላቆችህ ስለረዱህ ውለታ አለብህ፤ አውቃለሁ። ሶፋቸው ላይ አሳድረውሃል፣ ሥራ አስገብተውሃል። ውለታ ግን በስም አይከፈልም። ሕጉንም አታውቅ ይሆናል፤ መንጃ ፈቃድ ባገኘህ በ2 ዓመት ውስጥ 6 ነጥብ ከሞላብህ ፈቃድህ ይሰረዛል፤ እንደ አዲስ ተማሪ ሆነህ የጽሑፉንም የመንገዱንም ፈተና ትፈተናለህ። ለሰው ሁለት ጊዜ ነጥብ ከተቀበልክ ያበቃልሃል። የጠየቀህ ሰው ይህን ያውቅ ነበር፤ አልነገረህም። እንግዲህ ማን እንደሚወድህ ራስህ ፍረድ።

እናንተ ሦስትና አራት መኪና አሰማርታችሁ ሰው ቀጥራችሁ የምታሠሩ፣ የእናንተ ሸክም ከሁሉ የከበደ ነው። ማን የትኛውን መኪና በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደያዘ ጻፉ። ድርጅት «መዝገብ አልያዝኩም» ብሎ ለማምለጥ፣ መዝገብ አለመያዙ ተገቢ እንደነበረ ማስረዳት አለበት፤ ይህ ደግሞ ቀላል አይደለም። ሾፌር ያጠፋውን በሌላ ሾፌር ላይ አታላክኩ፤ ራሳችሁ ያጠፋችሁትንም ደሞዝ ስለምትከፍሉት በተቀጣሪያችሁ ላይ አትጫኑ። የድሀ ፈሪነት ለሀብታም መሸሸጊያ አይሁን።

እናንተም የዕድር ዳኞች፣ የማኅበር ሰብሳቢዎች፣ ካህናትና ሼሆች፣ ይህን ሁሉ ታውቃላችሁ። በዕርቅ ላይ ስለ ገንዘብ ትፈርዳላችሁ፤ ስለዚህ ግን ዓይናችሁን ትጨፍናላችሁ። ዝም ያለ ሽማግሌ ፈቃድ እንደሰጠ ይቆጠራል። ተናገሩ።

እንግዲህ የማዝዛችሁ ይህ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ቁልፍ ስትሰጡ ለማን፣ መቼ እንደሰጣችሁ በስልካችሁ ላይ ጻፉ። አድራሻ ስትቀይሩ የመኪናውን መዝገብ በቶሎ አስተካክሉ፤ ደብዳቤው በአሮጌው ቤት ሲቀር ጥፋቱ በእናንተ ላይ ይደርሳል። ወረቀቱ ሲመጣ መሳቢያ ውስጥ አትክተቱት፤ በዚያው ዕለት ክፈቱት። የነዳችሁት እናንተ ከሆናችሁ «እኔ ነኝ» ብላችሁ ፈርሙ። ሌላ ሰው ከሆነ ስሙን ከመጻፋችሁ በፊት ደውላችሁ «ስምህን እጽፋለሁ፤ ነድተሃልና» ብላችሁ በግልጽ ንገሩት። ይህ አሳልፎ መስጠት አይደለም፤ ወንድምን በፊቱ እውነት መንገር ነው። መከራከሪያ ካላችሁ ጠበቃ ጠይቃችሁ በአደባባይ ተከራከሩ። ሰው ገጭቶ የሸሸ ካወቃችሁ ደግሞ ቀን አትቁጠሩ፤ የተገጨው ሰው ደም ይጣራል።

አንድ ነገር ቀርቷል። እውነቱን ጽፎ መንጃ ፈቃዱ የታገደበት ሰው ቤቱ ይቸገራል። ለ6 ወር ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስ፣ የቤት ኪራዩን የሚያግዝ፣ እስኪመለስ ሌላ ሥራ የሚፈልግለት ያስፈልገዋል። መረዳዳት የምትወዱ ሁሉ ጉልበታችሁን እዚያ አውሉት። ዕድሩ መዋጮ ያውጣ፤ ጎረቤት ተራ ገብቶ ልጆቹን ያመላልስ፤ የመጀመሪያውን መዋጮ እኔ አወጣለሁ። በሐሰት የተጻፈ ወረቀት ይዞ ምስክር ሁነኝ ብሎ ደጄን የሚያንኳኳ ግን፣ ሠርጉን የመረቅኩት ልጅ ቢሆን እንኳ፣ አልከፍትለትም። ቃሌን ሰምታችኋል፤ እግዚአብሔር ልብ ይስጣችሁ፣ መንገዳችሁንም ይጠብቅ።